ጋን ሳይሸከሙ ጠላ መጥመቅ፦ ለአካል ጉዳተኛ ጠማቂ የአሠራር መመሪያ

አክስቴ በግላኮማ የዓይኗን ብርሃን ስታጣ ቤተ ዘመዱ መጀመሪያ የወሰደባት ጋኗን ነው። በክፋት አልነበረም፤ «እኛ እያለን አንቺ ምን በወጣሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ብለው ነው። ጋኑ ከጓዳ ወጥቶ ጓሮ ተደፋ፣ ማማሰያዋም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የማኅበሯ ተራ ሲደርስ ጠላው ተገዝቶ መጣ። እሷም አንዴ ተጎነጨችና ጣሳውን አስቀምጣ «ጥንስሱ ቀኑን ሳይጨርስ ነው ድፍድፍ የገባበት» አለች። ሻጯን ብንጠይቃት እውነትም በዓሉ ደርሶባት አቻኩላው ኖሯል።

እኔ በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ በሁለት ክራንች የምሄድ ነኝ። ሁለቱም እጆቼ ስለሚያዙ አንድ ጆግ ውሃ ከጓዳ ደጅ ማድረስ ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ ማኅበር በኋላ ከአክስቴ ጋር አብረን መጥመቅ ጀመርን፤ ብዙ አበላሽተን ብዙ ተምረናል። አካል ጉዳተኛን ከጠመቃ የሚያስወጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ክብደት፣ ከፍታና እሳት። ሦስቱም የዕቃና የቦታ ጉዳዮች ስለሆኑ መፍትሔ አላቸው። ዕቃውን ቀይሩ፣ ቦታውን አስተካክሉ፤ ሙያውን ግን ከባለሙያዋ እጅ አትውሰዱ።

ከዚህ በታች ያለው ወደ 20 ሊትር ለሚጠጋ ጠላ የሚሆን የእኛ ቤት አሠራር ነው። የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የሸዋው ልክ ይለያያል፤ ልካችሁን ከእናቶቻችሁ ውሰዱ፣ ዘዴውን ግን ከዚህ ተጠቀሙበት።

ዕቃ መምረጥ

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 60 ሊትር የሚይዝ ጋን ሲሞላ የፈሳሹ ክብደት ብቻ 60 ኪሎ ነው፤ ሸክላው ሲጨመርበት ጉልበት ያለውንም ሰው ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ በጋን ፋንታ ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከነክዳናቸው ያዙ። ሥራው ለሁለት ሲከፈል አንዱ ቢበላሽ እንኳ ሌላው ይተርፋል። ባልዲው ለምግብ የተሠራ መሆን አለበት፤ ቀለም፣ በረኪና ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ የቱንም ያህል ቢታጠብ አትጥመቁበት።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየደጁ ለእጅ መታጠቢያ ባለ ቧንቧ ባልዲ ተቀምጦ ነበር። ለእኛ መላው የመጣልን ከዚያ ነው። ቧንቧ ያለው ዕቃ አይዘነበልም፣ አይነሳም፤ ከተቀመጠበት ሳይንቀሳቀስ ይቀዳል። ነገር ግን ቧንቧውን የት እንደምታስገጥሙ አስቡበት። እኛ የመጀመሪያውን ከባልዲው ወለል ጋር አስጠግተን አስገጠምን። ጠላው ሲደርስ አተላው ሄዶ ቧንቧውን ደፈነው፤ እኔ በሽቦ ስወጋው ቧንቧው ከነላስቲኩ ተነቅሎ የአሥራ አራት ቀን ድካማችን ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አክስቴ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ «ስንት ቀረ?» ስትል የመለስኩላትን አልረሳውም፤ ምንም አልቀረም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን ከወለሉ አራት ጣት ከፍ አድርገን ነው የምናስገጥመው። አተላው ከታች ይዘቅጣል፣ ጥሩው ጠላ ከላይ ይወርዳል። በውስጥ በኩል ደግሞ የቧንቧውን አፍ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ በክር እሰሩት። የቧንቧው መዝጊያ ቁልፍ የሚመስለው ሳይሆን ረዥም ጆሮ ያለው ይሁን፤ ጣቱን መጨበጥ ለማይችል ሰው በእጅ ጀርባ ወይም በክርን ገፍቶ ይከፈታል።

ጠረጴዛና ከፍታ

ባልዲውን መሬት ላይ አታስቀምጡ። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው ወገቡን ሰብሮ መሬት ያለ ዕቃ ውስጥ ማማሰል አይችልም፤ በክራንች የሚሄድም ቢሆን ሲያጎነብስ ሚዛኑን ይስታል። አሜሪካ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራ የሥራ ገበታ ከመሬት 71 እስከ 86 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እንዲኖረው፣ ከሥሩም ጉልበት ማስገቢያ 68 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ እንዲተው የሚያዝዝ መስፈርት አለ። አናጢ ስታሠሩ እነዚህን ቁጥሮች ይዛችሁ ብትሄዱ አትሳሳቱም። ባልዲው ራሱ ቁመት ስላለው ግን የሚቀመጥበት ነገር ከገበታው ዝቅ ማለት አለበት። ትክክለኛው ልክ ተቀምጣችሁ ክርናችሁን ስታጥፉ የባልዲው አፍ ከክርናችሁ ጋር ሲስተካከል ነው። እኛ ቤት ጠንካራ የእንጨት ሣጥን አገልግሏል።

ጎማው ወይም ክራንቹ የሚያልፍበትን ወለል ከገመድ፣ ከምንጣፍ ጫፍና ከውሃ አጽዱ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ገመድ በግድግዳው በኩል ይዙር።

ዕቃው ሁልጊዜ በቦታው ይሁን። ይህ ለማያይ ሰው ከሁሉ ይበልጣል። አክስቴ ማማሰያው ከባልዲው በስተቀኝ፣ ጆጉ በስተግራ፣ ክዳኑ ከኋላ እንዳለ ታውቃለች። ሊረዳት የገባ ሰው ማማሰያውን አጥቦ ሌላ ቦታ ካስቀመጠው አልረዳትም። ያነሳችሁትን ካነሳችሁበት መልሱ፤ መመለስ ካልቻላችሁ ደግሞ ተናገሩ።

የሚያስፈልገው

ለሁለቱ ባልዲዎች በድምሩ 300 ግራም የደቀቀ የጌሾ ቅጠል፣ 400 ግራም የተከተከተ የጌሾ እንጨት፣ 1 ኪሎ የብቅል ዱቄት፣ 4 ኪሎ የገብስ ዱቄትና 23 ሊትር ውሃ። ጌሾውንና ብቅሉን አስፈጭታችሁ ወይም የተፈጨ ገዝታችሁ ግቡ። ሙቀጫና ዘነዘና የእጅ መገጣጠሚያ ለሚያመው ሰው አይሆንም፤ ወፍጮ ቤት መላክ ሙያ አይቀንስም።

ሁሉንም በየጣሳው አድርጋችሁ ምልክት አድርጉበት። የጌሾው ቅጠል ጣሳ ላይ አንድ ላስቲክ፣ የእንጨቱ ላይ ሁለት፣ የብቅሉ ላይ ሦስት። ብሬል የሚያነብ ሰው ካለ በብሬል ይጻፍ፤ እንደ አክስቴ ዓይኑን በጉልምስና ያጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ብሬል አልተማረም፣ ላስቲኩ ይበልጥ ይቀለዋል። የቅጠሉና የእንጨቱ ሽታ ቢቀራረብም በጣት ሲታሹ ይለያሉ፤ ቅጠሉ እንደ ሻይ ይደቃል፣ እንጨቱ ይኮሰኩሳል።

1ኛ፦ ጥንስስ (የመጀመሪያው ቀን)

ባልዲዎቹን በሙቅ ውሃና በግራዋ ቅጠል እሹ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ ደፍታችሁ አድርቁ። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው ባልዲው ሲያሽ እንዳይዞርበት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ያንጥፍ። ይህች እርጥብ ጨርቅ እስከ መጨረሻው ድረስ ከባልዲው ሥር አትነሳ።

በየባልዲው 150 ግራም የጌሾ ቅጠልና አንድ ተኩል ሊትር ውሃ ጨምራችሁ አማስሉ። አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በላስቲክ ያዙት። የፕላስቲክ ክዳን ተጭኖ ሲገጠም ጣት ይፈልጋል፣ ሲከፈት ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ለእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት ጨርቁ ይበቃል። ለሦስት ቀን በማይነፍስበት ቦታ ይቀመጥ። ሥራው በሙሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ጠላ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች አንድ ጸባይ አለው፤ ሥራው በየቀኑ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ቶሎ የሚደክም ሰው በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ሠርቶ ያርፋል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ወጣትም ይህ ጥሩ ነው፦ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሥዕል በካርቶን ላይ ሣሉለትና ግድግዳ ላይ በተራ ስቀሉ፤ የዛሬውን ሲጨርስ ካርቶኑን ይገልብጠው። በዓሉ መቼ እንደሆነ አስቀድማችሁ ቁጠሩና ከ14 ቀን በፊት ጀምሩ። በቆላ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይደርሳል፣ በደጋ ይዘገያል።

2ኛ፦ ቂጣና ብቅል (4ኛው ቀን)

ከ1 ኪሎ ዱቄት ወፈር ያለ ቂጣ አቡክታችሁ፣ ውጭው እስኪጠቁር ድረስ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሩ። መብሰሉን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም፤ በማማሰያው እጀታ ስትመቱት ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። ይቀዝቅዝ፣ ይቆረስ፣ ከብቅሉ ጋር ለሁለት ተከፍሎ ይግባ። በየባልዲው አንድ አንድ ሊትር ውሃ ጨምሩና አማስሉ። መቁረሱ የሚያስቸግረው ሰው ቂጣውን በንጹሕ ከረጢት ውስጥ አድርጎ በተሽከርካሪ ወንበሩ መደገፊያ ላይ በመዳፉ ይጫነው።

3ኛ፦ እንኩሮ (6ኛው ቀን)

ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው፤ እሳት አለበት፣ ረዥም ሰዓት ይወስዳል። አንድ ጊዜ በ3 ኪሎ ዱቄት አትነሱ። ዱቄቱን ለስድስት ከፍላችሁ በየዙሩ ግማሽ ኪሎ፣ ውሃ እየረጫችሁና እያሻችሁ፣ ምጣዱ ላይ እያገላበጣችሁ ቡና እስኪመስል አንኩሩ። በሁለት ቀን ከፍሎ መሥራትም ይቻላል፤ የቀዘቀዘው እንኩሮ ተሸፍኖ ያድራል።

ስለ እሳቱ የምነግራችሁን በጥንቃቄ ያዙ። ነጠላችሁን አውልቁ፣ እጅጌያችሁን ሰብስቡ። በዊልቸር ላይ ያላችሁ ትኩስ ነገር፣ ድስትም ይሁን የእንኩሮ ትሪ፣ በጭናችሁ ላይ አትያዙ። በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት እግሩ የማይሰማው ሰው ሥጋው ሲቃጠል አይታወቀውም፤ ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይድንም። ትኩሱን ነገር ገበታው ላይ እየገፋችሁ አንሸራትቱት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምጣድ ፊት ብቻውን አይቀመጥ። ከሰል ወይም እንጨት የምትጠቀሙ ከሆነ በር ዘግታችሁ አትሥሩ፤ የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

አክስቴ ምጣዱ መጋሉን መዳፏን ከበላዩ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ትለካለች። ችግር የሆነባት መብራት ሲጠፋ ነበር። ምጣዱ እየቀዘቀዘ መሆኑን ሳታውቅ ታገላብጣለች፣ መብራቱ ድንገት ሲመለስ ደግሞ እጇ ምጣዱ ላይ ያለበት ጊዜ አለ። መፍትሔውን ያገኘችው ራሷ ናት። በዚያው ክፍል ሬዲዮ ሶኬት ላይ ሰክታ ትከፍታለች። ሬዲዮው ዝም ካለ መብራት ጠፍቷል ማለት ነው፤ ወዲያው የምጣዱን ማጥፊያ ትዘጋለች። ሬዲዮው መናገር ሲጀምር ተረጋግታ መልሳ ታበራዋለች። መስማት ለተሳነው ሰው በሬዲዮው ፋንታ አምፖሉ ይበቃል፤ ጊዜውን ደግሞ ስልኩን በንዝረት አድርጎ በደረት ኪሱ ይያዘው።

የሚጨበጠው ማማሰያ ቀጭን ከሆነ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩት። ሪህ ላለበት እጅ ወፍራም እጀታ ሕመሙን ይቀንሳል። ስታማስሉም አንጓችሁን አታዙሩ፤ ክንዳችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ መልሳችሁ ግፉ።

እንኩሮው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ከጌሾው እንጨት ጋር ለሁለቱ ባልዲ አካፍሉ። ትኩስ ሆኖ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል። በየባልዲው ሁለት ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ወፍራም ድፍድፍ እስኪሆን እሹት። አሁን ክዳኑን ግጠሙ፣ ግን ለጋዙ መውጫ ተዉለት። ድሮ ጋኑ በጭቃ ሲመረግ ሸክላው ራሱ ትንሽ ይተነፍስ ነበር፤ ፕላስቲክ አይተነፍስም። ክዳኑ ላይ በጋለ ምስማር ቀዳዳ አብጁና ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይግባ። ጋዙ በአረፋ ይወጣል፣ አየር አይገባም። መስማት የተሳነው ጠማቂ የድፍድፉን መብላላት በዚህ ጠርሙስ ያያል፤ አረፋው ሲበዛ፣ ሲቀንስ፣ ሲያቆም።

4ኛ፦ ማድመጥ (ከ7ኛው እስከ 9ኛው ቀን)

በእነዚህ ቀናት ሥራው መጠበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ባለሙያ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አክስቴ ጠዋትና ማታ ባልዲው አጠገብ ተቀምጣ ጆሮዋን ጎኑ ላይ ታስጠጋለች። በመጀመሪያው ቀን ድምፁ እንደ ዝናብ ነው፣ ያለማቋረጥ ይንሾካሾካል። ከዚያ እየተቆራረጠ ይሄዳል። መዳፏን በባልዲው ጎን ላይ ታሳርፋለች፤ ድፍድፉ ሲብላላ ባልዲው ከክፍሉ ይልቅ ለብ ይላል። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ታሸትታለች፤ የሊጥ ሽታ ካለው ገና ነው፣ አፍንጫ ሲሰነፍጥ ቀርቧል። የሆምጣጤ ሽታ ከመጣ ግን አየር ገብቶበታል፤ ያን ባልዲ ለይታችሁ ቅመሱት፣ ከመረረና ከጎመዘዘ አትድከሙበት።

ለእኔ ይህን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዓይን እያለኝ የማላየውን ነገር በጆሮዬ እንድሰማ አደረገችኝ።

5ኛ፦ ውሃ መሙላት (10ኛው ቀን)

በየባልዲው 7 ሊትር ያህል ውሃ ይገባል። ጄሪካን አንስታችሁ አትገልብጡ። ውሃው ከቧንቧ ወይም ከፍ ካለ ዕቃ በላስቲክ ቱቦ በቀጥታ ወደ ባልዲው ቢወርድ ከሁሉ ይሻላል፤ ካልሆነ በአንድ ሊትር ጆግ ቅዱ። አንድ ኪሎ አብዛኛው እጅ ይችለዋል፤ ለሚከብደው ደግሞ ግማሽ ሊትር ጣሳ አለ፣ ጊዜ ነው የሚጨምረው።

ቁጥር እንዳይጠፋ ሰባት ባቄላ በቀኝ በኩል ሳህን ላይ አድርጉ። አንድ ጆግ በገባ ቁጥር አንዱን ባቄላ ወደ ግራ ሳህን አሻግሩ። አክስቴ መሐል ላይ ጎረቤት መጥቶ ቢያጫውታት፣ ስልክ ቢደወል እንኳ ጣቷን ሳህኑ ላይ አድርጋ የት እንደደረሰች ታውቃለች። ቁመቱን ለመለካት ደግሞ በቢላ የተፋቀ ዱላ እንጠቀማለን፤ አንድ ፍቅታ ለድፍድፉ፣ ሁለተኛው ውሃው ለሚደርስበት። ዱላውን አስገብታችሁ አውጡና እርጥቡ የት ድረስ እንደሆነ በጣት ፈልጉ።

በደንብ አማስላችሁ ክዳኑን መልሱ፣ ቱቦውንም ጠርሙሱ ውስጥ አድርጉ። ሦስት ወይም አራት ቀን ይረፍ።

6ኛ፦ ማጠን

የወይራ ጭስ የሌለው ጠላ ጠላ አይመስለኝም፤ ፕላስቲክን ግን ማጠን አይቻልም፣ ይቀልጣል። ስለዚህ አምስት ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንቦ አስቀሩ። ባዶውን ገንቦ በግራዋ ካጠባችሁ በኋላ ደጅ ላይ፣ ከጉልበታችሁ ከፍ ባለ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ፣ ፍም ላይ የተደረገ የወይራ እንጨት በጣሳ አኑሩና ገንቦውን በሁለት ጡብ ላይ ድፉበት። ጭሱ እየገባ ሸክላው ይታጠናል። የማያይ ሰው ገንቦውን ሲያነሳ ፍሙ ያለበትን ቦታ በትክክል ማወቅ ስላለበት ጣሳው ሁልጊዜ ከአንድ ግድግዳ ጥግ ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ። የምትጠጡትን ያህል ብቻ ከባልዲው ወደ ታጠነው ገንቦ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ጣዕሙ ይገባበታል።

7ኛ፦ ማጥለል

ድሮ ሁለት ሰው ጨርቁን ግራና ቀኝ ይዞ ይጨምቅ ነበር። አንድ እጅ ላለው ወይም ጣቱ ለማይታጠፍ ሰው መጭመቅን ተዉት። ከንጹሕ ነጭ ጨርቅ አፉ ገመድ ያለው ከረጢት አሰፉ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ባለ ማንጠልጠያ ስቀሉት፣ ከሥሩ ድስት አድርጉ። በባልዲው ቧንቧ የሚወርደው ብዙ ማጥለያ አይፈልግም፤ ከታች የቀረውን ወፍራሙን በጭልፋ ወደ ከረጢቱ ጨምሩና ሌሊቱን ይንጠብጠብ። ጠዋት የወጣው ከተጨመቀው ይልቅ የጠራ ነው። በተረፈው ድፍድፍ ላይ ውሃ ጨምራችሁ ቅራሪ ማውጣትም ትችላላችሁ፤ አተላው ለከብት ይሄዳል።

እሳትና ጉልበት ለማይችል፦ ጠጅ

እንኩሮው የማይሆንለት ሰው ጠጅ ይጣል። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በርዛችሁ፣ ሰፈፉን ገፍፋችሁ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የጌሾ እንጨት ጨምራችሁ በየቀኑ እያማሰላችሁ ሁለት ሳምንት ገደማ ማቆየት ነው። ክብደቱ ያው ነው፣ ማማሰያው ግን ቀላል ነው፣ ምጣድም የለበትም። ማሩን ከዕቃው ፍቆ ማውጣት ለታመመ እጅ ፈተና ስለሆነ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ራሱ ይወርዳል። አልኮል ለማይጠጣ ቤት ደግሞ ብርዝ አለ። የሚጥል በሽታ ወይም የነርቭ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጠላም ጠጅም አይጠጣ፤ መጥመቁን ግን ማንም አይከለክለውም።

ባሕር ማዶ ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ በ1978 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለቤት ፍጆታ የሚሆን ቢራ ያለ ቀረጥ መጥመቅን ፈቅዷል፤ አንድ አዋቂ ብቻ ባለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ባለበት 200 ጋሎን፣ ሳይሸጥ። ይህ ከ378 እና ከ757 ሊትር በላይ ስለሆነ ለማኅበርም ለበዓልም ይተርፋል። ጌሾው በኢትዮጵያ መደብሮች ቅጠሉም እንጨቱም ይገኛል። ቂጣውንና እንኩሮውን በምድጃው ውስጥ በትሪ ማድረግ ትችላላችሁ፤ በሩ ወደ ጎን የሚከፈት ምድጃ ለዊልቸር ይመቻል፣ ወደ ታች የሚከፈተው ግን መንገድ ይዘጋል። ሳውዲና ኩዌት ያላችሁ እህቶች ደግሞ በዚህ አትሞክሩ፤ ሕጉ አልኮልን ይከለክላል፣ ቅጣቱም ከባድ ነው።

መርዳት ለሚፈልግ ሰው

ስትገቡ ድምፃችሁን አሰሙ። «ምን ላንሳልሽ?» በሉ እንጂ ከእጇ አትንጠቁ። የማያይ ሰው ዕቃ እንዲነካ እጁን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ እጃችሁን አስቀድማችሁ ስጡ፣ እሱ ይያዛችሁ። በዊልቸር ላይ ያለን ሰው ከኋላ አትግፉት፣ በተለይ ምጣድ ፊት። መስማት ከተሳነው ሰው ጋር ስትሠሩ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ፣ እጃችሁ ባዶ ሲሆን ተናገሩ፤ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ካለ ጥንስስንና ድፍድፍን በምን ምልክት እንደሚለይ ጠይቁትና ተማሩ። ጠላው የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ የጠመቀችው ሰው ስም ይጠራ።

መቅዳት

ቧንቧ ያለው ባልዲ ከጣሳው ከፍ ብሎ ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፤ ጣሳውን ከሥሩ ገፍታችሁ አቁሙት እንጂ በእጅ አትያዙት። የማያይ ሰው ጣቱን ጠላው ውስጥ ሳይነክር መሙላቱን በድምፅ ያውቃል። ጣሳ ባዶ ሲሆን ድምፁ ወፍራም ነው፣ ሲሞላ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ድምፅ ሊያልቅ ሲል መዝጋት ነው። ሦስት አራት ጊዜ በውሃ ተለማመዱ። ባለፈው የማኅበሯ ቀን አክስቴ ለአሥራ ሁለት ሰው በዚህ መንገድ ቀዳች፤ እኔ ጣሳዎቹን እየተቀበልኩ በትሪ አሰለፍኩ፣ የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ አደለ።